ኦፔራ ምን ተለብሶ ይኬዳል? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ውስጥ ሦስቱ ከከተማ ዳር ናቸው፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከሱሉልታና ከሰበታ፣ ሦስቱም የሚጠይቁት ደሞ ስለ ልብስ ነው። እኔም ቱሉ ዲምቱ ነዋሪ ስለሆንኩ ዘንጦ ከቤት ወጥቶ ዘንጦ መድረስ ምን ያህል ፈተና እንደሆነ አውቀዋለሁ፣ ስለዚህ አንድ ላይ አደረግኳቸው።

«እትዬ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አስተማሪ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ቪየና ነው ያለው፣ ዘንድሮ ታህሳስ ላይ እኔንና ባለቤቴን ጋብዞን እግዚአብሔር ይመስገን ቪዛውም ወጣልን። ባለፈው ሲደውል አንድ ማታ ኦፔራ እወስዳችኋለሁ ቲኬት ቆርጫለሁ አለኝ። ደስ አለኝ ግን ከዛን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። አንዷ ጎረቤቴ ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ አሳየችኝ፣ ሴቶቹ መሬት የሚጠርግ ነጭ ቀሚስ፣ ወንዶቹ ጅራት ያለው ጥቁር ኮት ለብሰው ይጨፍራሉ፣ እንደዚህ ካልሆንሽ በር ላይ ይመልሱሻል አለችኝ። ወንድሜን ስጠይቀው ደሞ ኧረ ጂንስም ይበቃል ብሎ ሳቀብኝ። ባለቤቴ ያለው ሱፍ የሰርጋችን ነው፣ አስራ ሁለት ዓመቱ፣ ሱሪው አይዘጋም። እኔ የዕቁብ ብሬን ይዤ ቦሌ ወርጄ ረጅም ቀሚስ ልገዛ ነበር፣ ዋጋውን ስሰማ ደነገጥኩ። ማንን ልመን? የሀበሻ ቀሚስ ብለብስስ ያስቃል? — እንቅልፍ ያጣችው፣ ከኮዬ ፈጬ»

እህቴ መጀመሪያ የዕቁቡን ብር ባለበት ተይው።

ጎረቤትሽም ወንድምሽም አልዋሹሽም፣ ያዩት ነገር ነው የተለያየው። ጎረቤትሽ ያሳየችሽ ቪዲዮ የቪየናው ኦፐርንባል ነው የሚመስለኝ። እሱ በዓመት አንድ ቀን፣ ከነሱ ዐቢይ ጾም መግቢያ በፊት ባለው ሐሙስ የሚደረግ የጭፈራ ድግስ ነው፣ አዳራሹ ውስጥ ያሉት ወንበሮች ተነስተው ወለሉ ከመድረኩ ጋር እኩል ይደረግና ከ5,000 በላይ ሰው ይገባል። እዛ ላይ እውነትም ቀልድ የለም፣ ወንድ ጅራት ያለው ጥቁር ኮት በነጭ ፓፒዮን፣ ሴት እስከ መሬት የሚደርስ ቀሚስ፣ ግዴታ ነው። ግን እሱን የኦፔራ ቤቱ ሰርግ ነው በይና ተይው፣ ኦፔራ አይደለም። ኦፔራውማ፣ ያ በዘፈን የሚቀርበው ትያትር፣ ከመስከረም እስከ ሰኔ ማታ ማታ አለ ማለት ይቻላል፣ ሰው ከስራ ወጥቶ የሚሄድበት ነው፣ ማታ ማታ ደሞ ማን ጅራት ለብሶ ይችላል።

ወንድምሽ ደሞ ጂንስ ሲልሽ የገባኝ ይመስለኛል። ተማሪ ሆኖ ነው አይደል የሄደው? እንግዲያው የሚያውቀው የቁም ቦታውን ነው። ቪየና ኦፔራ ከ400 በላይ ሰው ቆሞ የሚያይበት ቦታ አለው፣ በርካሽ ትገቢያለሽ፣ ቀድመሽ ደርሰሽ ከፊትሽ ያለው ብረት ላይ ሻርፕሽን ታስሪበታለሽ፣ በቃ ቦታው ያንቺ ነው፣ ሄደሽ ቡና ጠጥተሽ ብትመለሺ ማንም አይነካብሽም (እኛ ሰፈር ውሃ ቀን ጀሪካን ተሰልፎ እንደሚጠብቅልን ማለት ነው)። እዛ ቦታ ላይ ጂንስና ስኒከር የለበሰ ተማሪ ሞልቷል፣ ሦስት ሰዓት ለሚቆም ሰው ማን ታኮ አድርጊ ይላል። ከሱ ጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ከ200 ዩሮ በላይ የከፈሉት ጥቁር ሱፍና ሐር ለብሰው ተቀምጠዋል፣ ሁለቱም ያንኑ ዘፈን ነው የሚሰሙት። ስለዚህ ወንድምሽን ጂንስ ይሆናል ወይ ብለሽ ሳይሆን ወንበራችን የት ነው፣ ቀኑስ የፕሪሚየር (ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታይበት ቀን) ነው ወይስ ተራ ቀን ብለሽ ጠይቂው። ተራ ቀን ሆኖ መሀል ወይም ከፍ ያለው ባልኮኒ ከሆነ እኛ ለቅርብ ዘመድ ኒካህ ወይ ቀለበት የምንለብሰው ይበቃል። ፕሪሚየር ከሆነ ወይም መሬት ላይ ያለው ፊተኛው ወንበርና ሎጅ (ለብቻ የተከለለው ክፍል) ከሆነ ለራስሽ ወንድም ሰርግ የምትለብሽውን ያህል አድርጊው። ከዛ በላይ መሄድ አያስፈልግም፣ ከዛ በታችም ቁምጣና ሸበጥ ካልሆነ በስተቀር የሚመልስሽ የለም።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ሱፍ። አስራ ሁለት ዓመት ለሱፍ እድሜ አይደለም ጨርቁ ጥሩ ከሆነ። ሱሪውን ገልብጪውና ከኋላ በወገቡ መሀል የሚወርደውን ስፌት እዪው፣ አብዛኛውን ጊዜ እዛ ውስጥ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ትርፍ ጨርቅ ታጥፎ ተሰፍቷል፣ ልብስ ሰፊዎች ሰው እንደሚወፍር ስለሚያውቁ ነው የሚተውት። ግራውንድ ላይ ማሽን አውጥቶ የሚሰፋ ሰው እናንተም ብሎክ አይጠፋም፣ በግማሽ ቀን ያሰፋዋል። ኮቱ ደሞ ባይዘጋም ግድ የለም፣ ወንድ ሲቀመጥ ኮቱን ይከፍታል፣ ኦፔራ ደሞ የመቀመጥ ስራ ነው። ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር የተወለወለ ጫማ፣ ከረባት ካሰረ አሪፍ፣ ባያስርም ቪየና ላይ አያስወጡትም። የሰርጉ ቬስትና የሚያብረቀርቀው ከረባት ግን ይቅር፣ ሙሽራ ነው የሚመስለው።

የሀበሻ ቀሚስሽን ልበሺ። ኧረ እንደውም ከሱ ሌላ አትልበሺ! ቦሌ ላይ ገዝተሽ የምትለብሽው አብረቅራቂ ነገር እዛ ያሉት ሴቶች ከለበሱት ጋር ይወዳደራል፣ በርካሽ ሳቴን ከነሱ ሐር ጋር ልትወዳደሪ ነው ማለት ነው፣ ያንቺ ጥበብ ግን የሚወዳደረው የለም። የሀገር ልብስ በብዙ ኦፔራ ቤት እንደ ሙሉ ክብር ልብስ ነው የሚቆጠረው። ግን ሦስት ነገር አለው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አንደኛ ርዝመቱ። ታህሳስ ቪየና ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው፣ በረዶው መንገድ ላይ ሲቀልጥ ከጨውና ከጠጠር ጋር ተቀላቅሎ ግራጫ ጭቃ ይሆናል። አንቺ ደሞ የኮዬ ልጅ ነሽ፣ ጭቃ አዲስሽ አይደለም። ክረምት ላይ ለሰርግ ስትወጪ ምንድን ነው የምታደርጊው? ቦት ጫማ አድርገሽ ታኮሽን በፌስታል ይዘሽ ታክሲ ተራ ስትደርሺ አይደል የምትቀይሪው። እኔ ለራሴ ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ተራ ጋ አንድ ሊስትሮ ልጅ አለ፣ ሳጥኑ ላይ ቁጭ ብዬ ጫማ ስቀይር ጭቃውን ጫማ ጠርጎ ጋዜጣ ጠቅልሎ እስክመለስ ያስቀምጥልኛል። በቃ ቪየናዎችም እንደዛው ናቸው እልሻለሁ። ወፍራም ቦት አድርገው ይመጡና ኮት ማስቀመጫው ጋ የኦፔራ ጫማቸውን ከቦርሳ አውጥተው ይቀይራሉ፣ ቦቱን ከነኮቱ አስረክበው ቁጥር ይቀበላሉ። ካፖርት ይዞ አዳራሽ መግባት ስለማይፈቀድ የምታስረክቢው ሳትወጂ ነው፣ ስለዚህ ከካፖርቱ ስር ያለው ነው የሚታየው። ከቀሚሱ ስር ወፍራም ታይት አድርጊ፣ ቀሚሱን ደሞ ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ አስደርጊው።

ሁለተኛ ነጠላው። ትከሻ ላይ፣ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ። ራስ ላይ ከፍ አድርጎ መጠቅለል የለም፣ ጸጉርም ቢሆን ተቆልሎ አይሰራ፣ ከኋላሽ ያለው ሰው ቲኬቱን የገዛው መድረኩን ሊያይበት ነው። ሹሩባ በጣም አሪፍ ነው፣ ዝቅ ያለ፣ የሚያምር፣ ማንንም የማይጋርድ።

ሦስተኛው፣ ለኔ ከሁሉም ዋናው፣ ድምፅ ነው። ልብስ ድምፅ አለው። ኦፔራ ዘፋኝ ማይክ አይይዝም፣ ያ ሁሉ ኦርኬስትራ ከስሩ እየተጫወተ በራሱ ሳንባ ነው እስከ መጨረሻው ባልኮኒ የሚያደርሰው፣ ስለዚህ ዝግ የሚልበት ቦታ ላይ ሲደርስ አዳራሹ እንዴት ጸጥ እንደሚል አትጠይቂኝ። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ የገባሁ ቀን፣ ውጭ ሀገር ነው የትኛው ቤት እንደሆነ ልተወው፣ ቀይ ጥለት ያለው ቀሚስ ለብሼ በግራ እጄ የእናቴን ሦስት የብር አምባር አድርጌ ነበር። ቆንጆ ነኝ ብያለሁ። ሴትየዋ መድረክ ላይ ብቻዋን ቀርታ እንደ ሹክሹክታ ስትጀምር እኔ እጄን አፌ ላይ ልጭን አነሳሁ... ቅጭል! ሰው ሁሉ ዞረ። ደንግጬ እጄን ሳወርድ ድጋሚ ቅጭል። ከኋላዬ የነበሩ አሮጊት ትከሻዬን በአንድ ጣት ነካ አደረጉኝና ምንም ሳይሉ እጃቸውን ዘረጉ፣ አምባሮቹን አንድ በአንድ አውልቄ ሰጠኋቸው፣ በመሀረባቸው ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና እረፍት ሲሆን መለሱልኝ። አልተቆጡም፣ ግን እስካሁን ሳስበው ያልበኛል። ስለዚህ አምባር ቤት፣ የሚንቋቋ ታኮ ቤት፣ ፌስታል ደሞ ኮት ማስቀመጫው ጋ ይቅር፣ ባለቤትሽ ኪስ ውስጥ ቁልፍና ሳንቲም እንዳይቀር። የከረሜላ ወረቀትም እንደዛው፣ ጉሮሮ ከከረከረሽ መብራት ሳይጠፋ ልጠሽ ያዢው። ሽቶም ትንሽ ብቻ፣ ድምፅ ባይኖረውም ሦስት ሰዓት አጠገብሽ የሚቀመጠው ሰው ማምለጫ የለውም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ለአስተማሪ ስለሆነ። ያ የምትገቢበት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1869 ነው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አካባቢ፣ 1945 ላይ በቦምብ ተቃጠለና አስር ዓመት ያህል ተዘግቶ ቆየ። እንደገና የተከፈተው እ.ኤ.አ. ኅዳር 5 ቀን 1955 ነው፣ በኛ ጥቅምት 25 ቀን 1948 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በዛው በ1948 ዓ.ም. ነው እኮ እኛም ብሔራዊ ትያትራችንን የከፈትነው፣ ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትያትር የሚባለውን፣ ለንጉሡ ዘውድ 25ኛ ዓመት። አባቴ እዛ ትያትር ሊያይ ሲሄድ ሱፉን ከቀን በፊት ፍራሽ ስር አስተኝቶ ነበር የሚተኩሰው፣ ላውንደሪ ምናምን አያውቅም። እና ልብስ አሰማምሮ ለመድረክ መሄድ ለኛ ቤተሰብ ከፈረንጅ የመጣ ነገር አይደለም፣ ተወን እንጂ ነበረን። የባለቤትሽንም ሱሪ እንደዛ ሞክሪው።

ለወንድምሽ ግን ንገሪው፣ ጂንስ እኛ ጋ ለኮንዶሚኒየም ስብሰባ ነው።

«እትዬ ሱሉልታ ነው የምኖረው፣ 27 ዓመቴ ነው። መስሪያ ቤታችን በኩል አዲስ አበባ አንድ አዳራሽ ውስጥ ከውጭ የመጡ ዘፋኞች የኦፔራ ዘፈኖች የሚዘፍኑበት ምሽት ጥሪ ደረሰኝ፣ ፕሮግራሙ ላይ አይዳ የሚል አለበት፣ ካርዱ ላይ ደሞ አለባበስ ፎርማል ይላል። ያለኝ ሱፍ ጓደኛዬን ሚዜ የሆንኩበት ነው፣ ወይን ጠጅ ቀለም፣ ኮሌታው ሳቴን። ማታ አንድ ሰዓት ይጀምራል፣ አለቃዬም ይመጣል። ደሞ ሱሉልታ ብርዱን ታውቂዋለሽ። — ሚዜው»

ሚዜው፣ ፎርማል ማለት አዲስ አበባ ላይ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ወይም ደብዘዝ ያለ ግራጫ ሱፍ በከረባት ነው፣ ቱክሲዶ ቢፈልጉ ኖሮ ብላክ ታይ ብለው ይጽፉት ነበር። ወይን ጠጁን ሱፍ ለብሰህ ብትሄድ ማንም አያስወጣህም፣ ግን ፎቶ ላይ ሙሽራውን እየፈለግክ ነው የምትመስለው። ለአንድ ማታ አትግዛ። ሱፍ የሚያከራዩ ቤቶች መርካቶም ፒያሳም አሉ፣ ከሰርግ ወቅት ውጪ ከሆነ ደሞ መደራደር ትችላለህ፣ ስትወስድ ግን ኮቱ ትከሻው ላይ ልክ መሆኑን ብቻ እይ፣ ሌላው ሁሉ ይስተካከላል ትከሻ አይስተካከልም። ያከራዩህ ሰዎች አብረው የሚሰጡህን የተሰፋ ከረባት በላስቲክ አትውሰድ፣ አደራ። ከጓደኛ ብትዋስ ደሞ ከሁሉም ይሻላል። ብርዱን በተመለከተ ከሸሚዙ ስር ስስ ቲሸርት፣ ከላይ ጃኬት፣ ጃኬቱን አዳራሽ ስትደርስ አውልቀህ ያዘው። ስትመለስ ማታ ከአራት ሰዓት በኋላ ሱሉልታ የሚወጣ ታክሲ ጠብቄ አገኛለሁ ብለህ እንዳትተማመን፣ በዛ አቅጣጫ የሚሄድ የስራ ባልደረባ ካለ ከወዲሁ ራይድ ተካፈሉ።

አይዳ ስትል ግን ዝም ብዬ አላልፍም። አይዳ እኮ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፣ ግብፅ ተማርካ የወደቀች፣ የኦፔራውን ሙዚቃ የጻፈው ጣሊያናዊው ቨርዲ ነው፣ መጀመሪያ የታየውም ካይሮ ነው እ.ኤ.አ. ታህሳስ 24 ቀን 1871፣ ያሰራውም የግብፅ ገዢ የነበረው ከዲቭ ኢስማኤል ፓሻ። ኦፔራው ውስጥ የኛ ሰዎች ተሸንፈው ነው በሰልፍ የሚቀርቡት። ይሄው ኢስማኤል ፓሻ አራት ዓመት ሳይሞላው ጦሩን ላከና 1875 ጉንደት ላይ፣ 1876 ጉራ ላይ ከአፄ ዮሐንስ ያገኘውን አገኘ፣ እሱን ግን ኦፔራ አላሰራበትም። አለቃህ ወሬ ካጣ ይቺን ንገረው፣ ሱፍህን አያይም።

እግረ መንገዴን፣ ካይሮ ለስራ የምትሄዱ ወጣቶች ስላላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የተከፈተው የአሁኑ ካይሮ ኦፔራ ትልቁ አዳራሽ ወንድ ያለ ኮትና ከረባት አያስገባም፣ እዛ እንደ ቪየና አይደለም። ሚላኖ ላ ስካላ ደሞ ቁምጣ፣ ሸበጥና እጅጌ የሌለው ካናቴራ ለብሰህ ከመጣህ ይመልሱሃል፣ የቲኬቱንም ገንዘብ አይመልሱልህም። ለንደን ኮቨንት ጋርደንና ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን እንደፈለግክ ግባ ባዮች ናቸው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን እንግሊዝ ገጠር ውስጥ ያለው ግላይንድቦርን የሚባለው የኦፔራ ፌስቲቫል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1934 ነው የተጀመረው፣ በነሱ በጋ ይደረጋል፣ ቦታው ከግቢው ባሻገር በግ የሚሰማራበት ሜዳ ነው፣ ልክ እንደናንተ ሱሉልታ፣ ሰው ግን ከለንደን በጠራራ ከሰዓት ቱክሲዶና ረጅም ቀሚስ ለብሶ የምሳ ቅርጫት አንጠልጥሎ ባቡር ይሳፈራል፣ መሀል ላይ አንድ ሰዓት ተኩል እረፍት ይሰጥና ሳሩ ላይ አንጥፎ ይበላል። እና አንተ ሱፍ ለብሰህ ሚኒባስ ውስጥ ከዶሮ ጋር ብትሳፈር እንዳታፍር፣ የነሱ ባለ ቱክሲዶም ሳር ላይ ነው የሚቀመጠው።

«የተከበርሽ ልጄ፣ 74 ዓመቴ ነው፣ ሰበታ ነው ቤቴ። የልጅ ልጄ ሙዚቃ ተምራ በፈረንጅኛው ዓይነት ትዘፍናለች፣ በቅርቡ ከጓደኞቿ ጋር አዳራሽ ውስጥ ልታቀርብ ነው። ኮቴን ለብሼ ከላይ ጋቢ ደርቤ ባርኔጣዬን አድርጌ ልሄድ ስል ልጆቼ ጋቢ ያሳፍራል አሉኝ። እንዴት ነው ነገሩ?»

አባባ፣ ጋቢ አያሳፍርም፣ ልጆቹን እኔ እቆጣልዎታለሁ። ንጹህ ከሆነና ከኮቱ ላይ በወጉ ከተደረበ እዛ አዳራሽ ውስጥ ከእርስዎ የተሻለ የለበሰ አይኖርም። ከከበደዎት ኩታ ያድርጉ፣ አዳራሽ ውስጥ ይሞቃል። ባርኔጣውን ግን ሲቀመጡ ያውልቁና ጉልበትዎ ላይ ያድርጉት፣ ከኋላዎ ያለ ሰው ልጅቷን እንዲያያት። ከዘራም ይይዛሉ ብዬ ገመትኩ፣ ወንበሩ ላይ እንዳያስደግፉት፣ እግርዎ ስር መሬት ላይ ያስተኙት፣ ልጅቷ ድምጿን ዝቅ ያደረገችበት ቦታ ላይ ተንሸራቶ ሲሚንቶ ላይ ቢወድቅ ከነቦታው ነው የምትረሳው።